ቪፒኤን መጫን ወንጀል አይደለም! የሠራተኛው ስልክም የአለቃው ንብረት አይደለም!

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ተመሳሳይ ስሞታ ይዘው ይመጣሉ። ስልካቸው ላይ ቪፒኤን ስለተገኘ ተጠርተዋል። «ምን ልትደብቅ ነው? ውጭ አገር ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?» ተብለዋል። አንዱ ወንድማችን የግል ስልኩን ከፍቶ እንዲያሳይ ታዟል። ጣሰ የተባለው መመሪያ ግን አልተነበበለትም፤ በጽሑፍ የሰፈረ መመሪያም አልነበረም።

ሐቁን ከሁለቱም ወገን እንናገር። ሙስሊም የገባውን ውል ያከብራል። የመሥሪያ ቤቱ መስመር የመሥሪያ ቤቱ ነው። ባንክ የሕዝብ ገንዘብ፣ ሆስፒታል የበሽተኛ ምስጢር ተረክቧል፤ ይህ አማና ነው። ቪፒኤን መልእክትን በታሸገ ፖስታ ውስጥ አድርጎ፣ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ወዳለ ኮምፒዩተር ይወስዳል። በፖስታው ውስጥ ቫይረስ ይግባ ምስጢር ይውጣ፣ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ማየት አይችልም። ስለዚህ «በቢሮው ኮምፒዩተርና ዋይፋይ ላይ አትክፈቱ» ቢል መብቱ ነው፤ አውቆ የፈረመ ሠራተኛም ቃሉን ይጠብቅ። በሥራ ሰዓት በአሠሪ መስመር ፊልም ማውረድ ትግል አይደለም!

የሠራተኛው የራሱ ስልክና በራሱ ገንዘብ የገዛው ዳታ ግን ከአሠሪው ደጃፍ ውጭ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሁጁራት መጥፎ ጥርጣሬንና ተጀሱስን በአንድ አንቀጽ አያይዞ ከልክሏል። ጥርጣሬ ወደ ብርበራ፣ ብርበራ ወደ ሐሜት ይወስዳልና! የአገሪቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ጠብቋል። በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመፈለግና የመቀበል መብት በአገር ድንበር እንደማይታጠር ደንግጓል። ታዲያ ከውጭ አገር ጋር መገናኘት ከመቼ ወዲህ ነው በራሱ ጥፋት የሆነው? ጂዳ ያለች እህቱን ደኅንነት የሚጠይቅ ወንድም ምን ወንጀል ሠራ?

«ለምን ቪፒኤን ጫንክ?» የሚል ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይመልስ፦ ሕዝቡን ቪፒኤን ያስተማረው ማን ነው? ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ተዘግተው ከረሙ። መዝጊያው የመጣው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ውጥረት በነገሠበት ሰሞን ነበር፤ በእኛም ላይ ደረሰ። በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ፣ በግንቦት 2015 በታላቁ አንዋር መስጂድ የወገኖቻችን ደም ሲፈስ፣ ሕዝቡ የሆነውን ያየውና ያሳየው በቪፒኤን ነው። በር ዘግቶ «ለምን በመስኮት ገባችሁ?» ማለት ዙልም ነው!

ይህ ጥርጣሬ ዛሬ የተወለደም አይደለም። በ2006 በታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ክስ ውስጥ መልእክትን በምስጢር ስለመጠበቅ መሠልጠናቸው እንደ ጥፋት ተጠቅሶ ነበር። ያ ፍርሃት ከፍርድ ቤት ወጥቶ አሁን በአለቆች ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሚገርመው ድርጅቶች ራሳቸው ቅርንጫፎቻቸውን የሚያገናኙት በቪፒኤን መሆኑ ነው። ለእነሱ ቁልፍ የሆነው ለሠራተኛው ሲሆን የሌባ መሣሪያ ተባለ!

ጥያቄያችን ግልጽ ነው። ክልከላ ካለ በጽሑፍ ይውጣ፤ ሠራተኛው ከመቀጣቱ በፊት ይወቀው። ክልከላው በመሥሪያ ቤቱ መስመርና ዕቃ ላይ ይቁም። የማንም የግል ስልክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይከፈት። «ክፈት» የተባለ ወንድም በትሕትና «ትእዛዙን በጽሑፍ ስጡኝ» ይበል፤ ብቻውን አይጋፈጥ፣ ለሠራተኛ ማኅበሩና ለጀመዓው ያሳውቅ። ጀመዓውም «የእሱ ጉዳይ ነው» ብሎ አይለፈው።

ለራሳችንም ነሲሓ አለን። በነፃ የሚታደል ቪፒኤን ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ የምትጎበኙት ሁሉ በባለቤቱ እጅ ያልፋል። ከቴሌ የሸሸጋችሁትን ለማታውቁት ሰው አታስረክቡ! ከማይታወቅ ምንጭ የተላከላችሁንም አትጫኑ።

ቃላችንን እንጠብቃለን፤ ክብራችንንም አናስደፍርም። ትግላችን ሰላማዊ ነው፤ ኢንሻአላህ ሐቅ ይረታል።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!