ለቫሳ ስንት ሸራ ይበቃታል?

ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠችውን የእንጨት መርከብ አይቶ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ሸራዋን መቼ ነው የምትሰቅለው?» ኧረ ቆይ! ገና ጎኗን እንኳ አልብሼ አልጨረስኩም።

መርከቧ ቫሳ ትባላለች። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ያሠራት፣ መድፎቿን በሁለት ፎቅ የደረደረች የጦር መርከብ። ኦገስት 10 ቀን 1628 እ.ኤ.አ. ከስቶክሆልም ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣች፤ 1,300 ሜትር ያህል ሄዳ ሰመጠች። ነፋስ ገፋ አደረጋት፣ ወደ ግራ ተጋደመች፣ በተከፈቱት የታችኛው ፎቅ የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ። በቃ። 30 ያህል ሰው አለቀ። በ1961 ከባሕር ወጥታ ዛሬ እዚያው ከተማ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

የኔዋ 75 ጊዜ ታንሳለች። ርዝመቷ ከፊት ከተቀሰረው እንጨት ጋር 92 ሳንቲ፣ እስከ ምሰሶዋ ጫፍ 70 ሳንቲ፣ ወርዷ ግን 16 ሳንቲ እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ጉዞዋ በዚህ ልክ 17 ሜትር ነው። ከኔ በር እስከ ጎረቤት በር በሉት።

«ከላይ ስለከበደች ሰመጠች» የሚለውን ስንቴ አንብቤ አልፌዋለሁ። የገባኝ ግን የጎድን አጥንቶቿን ከኮምፔንሳቶ ቆርጬ ስደረድር ነው። ሆዷ ጠባብ፣ ከላይ ሁለት ፎቅ መድፍ! ሚዛን እንዲጠብቅ ከታች 120 ቶን ገደማ ድንጋይ ጭነውባት ነበር፤ ቢጨምሩ ደግሞ መስኮቶቹ ወደ ውሃው ይበልጥ ይቀርባሉ።

ሥራው ቀርፋፋ ነው። ቀጭኗን ጣውላ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጠፍ፣ በልብስ መቆንጠጫ ይዞ ኮላው እስኪደርቅ መጠበቅ። በአንድ ማታ አራት ከሆነልኝ ጎበዝ ነኝ። የኔዋ ግራ ጎን ከቀኙ ትንሽ ወፍሮብኛል። የእውነተኛዋም ሁለት ጎን እኩል አይደለም፤ ውስጧ ከተገኙት አራት የአናጺ መለኪያዎች ሁለቱ በ12 ኢንች የስዊድን ጫማ፣ ሁለቱ በ11 ኢንች የአምስተርዳም ጫማ የተከፈሉ ናቸው። ተጽናናሁ ልበል?

የሚያናድደኝ ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ነው። ሸራዋን በሙሉ ወጥራ ማዕበል ትሰነጥቃለች። መቼ? የት? ያን ቀን ከአሥር ሸራዋ የዘረጋችው አራቱን ብቻ ነበር። ባለ አሥር ሸራዋ ቫሳ ባሕር ላይ ታይታ አታውቅም።

«ታዲያ ለጌጥ አይደል እንዴ?» ይለኛል አንድ ጓደኛዬ። ጌጥማ አላት፤ የኋላዋ ቅርጻ ቅርጽ ብቻውን ሰው ያፈዛል። ግን ስሙኝማ፦ ከመነሣቷ በፊት 30 ሰዎች መርከቧ ላይ ከጎን ወደ ጎን እንዲሮጡ ተደርጎ ነበር። ሦስት ጊዜ ሮጡ፤ ልትገለበጥ ሆነ። አድሚራል ፍሌሚንግ እዚያው ቆሞ አየ፣ ሙከራውን አስቆመ። መርከቧም ሄደች። በኋላ ምርመራ ተቀመጡ። ልኬቱን ያጸደቀው ንጉሡ፣ ሥራውን የጀመረው ሆላንዳዊው ሄንሪክ ሂበርትሶን በ1627 የሞተ። ማን ይጠየቅ? ማንም አልተቀጣም።

እንግዲህ ጠባብ ሆዷን በጣውላ ሸፍኜ፣ መስኮቶቿን ዘግቼ፣ አሥር ሸራ ሰቅዬ ሳሎን ባቆማት፣ እኔም ያየሁትን አይቼ ዝም ካሉት ሰዎች አንዱ መሆኔ አይደል? የድሮ እንግሊዞች ለባሕር ኃይላቸው ሞዴል ሲሠሩ የታችኛውን ክፍል ሳያለብሱ አጥንቱን እያሳዩ ይተዉት ነበር። እኔም የቀኙን ጎን ከታች ክፍት እተወዋለሁ፤ የመጣ ሰው ጎንበስ ብሎ ይየው። የመድፍ መስኮቶቹም አይዘጉም።

ግራውን ለመጨረስ 11 ጣውላ ቀርቶኛል። ሸራውንም እሺ፣ እሰቅላለሁ። አራት።