«ስክራፕ ዜሮ» የሚል ሪፖርት ያሳስበኛል

ሰሞኑን ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዕቅድ ክፍል የገባ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «መምህር፣ መገጣጠሚያ ላይ ለሚሰበረው ዕቃ ትርፍ እንዘዝ ብል አለቃዬ ‹ብክነት ማቀድ ብክነት መፍቀድ ነው› አለኝ፤ ምን ልበለው?» ስልክ ላይ አላለቀልንም፤ ሌሎቻችሁም እዛው አካባቢ ስላላችሁ እዚህ ልጻፈው።

አለቃው ተሳስቷል። ስላላቀድነው ሳይሰበር የሚቀር ዕቃ የለም።

ድሬ ለጅቡቲ ቅርብ ናት፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ባቡሩም አለ። ግን ዕቃው ጅቡቲ እስኪደርስ ኤልሲው አለ፣ መርከቡ አለ። ተበትኖ በኪት የሚመጣ ነገር ደግሞ ለ100 ምርት 100 መብራት ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ከተሰበረ መቶኛው ጥግ ይቆማል። ከዛ ምን ይሆናል? ከቆመው ላይ እየነቀሉ ለሌላው መግጠም! በወሩ መጨረሻ የቆመው አጽም ብቻ ነው።

ስሌቱ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1,000 ደህና ዕቃ ፈልጋችሁ 20 በመቶ የሚበላሽ ከሆነ 1,200 አትዘዙ፤ ከ1,200 የሚተርፋችሁ 960 ነው። 1,000ን ለ0.8 አካፍሉ፣ 1,250 ይመጣል። ዕቃው በሦስት ጣቢያ አልፎ በየጣቢያው 2 በመቶ ከተበላሸ ደግሞ ጠቅላላው 6 በመቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። (ክፍል ውስጥ ይሄን ስጠይቅ ዝም ያላችሁኝ ራሳችሁን ታውቃላችሁ 😄)

ለሁሉም ዕቃ እኩል ትርፍ ያዙ እያልኩ አይደለም። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መጋዘን የሚተኛ የውጭ ዕቃ ስንት ብር እንደሚይዝ አለቃው ያውቃል፤ ስጋቱ ባዶ አይደለም። ለብሎንና ለክሊፕ ለቀቅ በሉ፣ ለውዱ ዕቃ ግን መጠገኛ ፈልጉ።

ዋናው ችግር ቁጥሩ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። አንድ ቦታ ስሠራ ዕቃ የሰበረ ሠራተኛ መስመር ላይ ይጮህበት፣ ከደመወዙም ይቆረጥበት ነበር። ልጆቹ ምን አደረጉ? የተሰበረውን በቱታ ኪስ ይዞ መውጣት ተለመደ። ሪፖርቱ «ዜሮ» ይላል፣ ዕቅዱም ዜሮ ይይዛል፣ ከዛ መስመሩ ይቆምና ስቶር ኪፐሩ «ሌባ» ይባላል። በነገራችን ላይ ደመወዝ አለቃ በተናደደ ቁጥር የሚቆረጥ ነገር አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይገድበዋል፣ በሕግ የተፈቀደውም ቢሆን ከወር ደመወዝ ሲሶ አያልፍም።

የተደበቀው ስብርባሪ ጉምሩክ ዘንድም ጣጣ አለው። ከቀረጥ ነጻ ያስገባችሁት ዕቃ ምርት ላይ ከሌለ፣ መጋዘን ከሌለ፣ የስክራፕ መዝገብ ላይም ከሌለ «የት ሄደ?» ሲባል መልሱ ምንድነው?

ስለዚህ ወንድሜ፣ ነገ ለአለቃህ ስለ ትርፍ ትዕዛዝ አታንሳበት። መስመሩ ዳር አንድ ቀይ ሣጥን አስቀምጥ፤ የሰበረ ሰው ስሙን ሳይጽፍ ይጣልበት። ሁለት ወር ቆጥረህ ቁጥሩን ይዘህለት ግባ።