ከወይን ጠጅ ላይ ጠጁን ማን ወሰደው?

አማርኛ ለወይን መጠጥ የሰጠውን ስም ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «የወይን ጠጅ» ነው የሚለው። ከወይን ፍሬ የተጣለ ጠጅ ማለት ነው። በቋንቋችን ጠጅ ግንዱ ነው፣ ወይን ቅርንጫፉ። ዛሬ ግን «ወይን መቅመስ ደስ ይለኛል» የሚለው የአዲስ አበባ ወጣት ግንዱን ረስቶ ቅርንጫፉ ላይ ለመቀመጥ ይታገላል። አፍንጫውን ብርጭቆ ውስጥ ይከትና «ብላክ ከራንት ይሸተኛል» ይላል። ብላክ ከራንት በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አክስቱ ለዓመት በዓል የምትጥለውን ጠጅ ግን በየት አገር ማር እንደምትጥለው አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ሌላው ወጣት ደግሞ ነገሩን ገና ሳይሞክረው ይተወዋል። «ኧረ ባክህ፣ ወይን መቅመስ የቦሌ ልጆች ጨዋታ ነው፤ እኔ የኮተቤ ልጅ ምን አገባኝ?» ይላል። ሁለቱም የተሳሳቱት አንድ ነገር ላይ ነው፦ መቅመስ የሚጀምረው ከኪስ ይመስላቸዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። በትንሽ ብር መቅመስ የሀብታም ጨዋታ ርካሽ ቅጂ አይደለም። እንዲያውም በየካና በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ዋናው መንገድ እሱ ነው። ነገሩ ከመዝናኛም ያልፋል፤ ልብ ብሎ የሚቀምስ ሰው በሌለበት አገር ማሩን ስኳር ይተካዋል፣ ማንም ሳያውቅ።

መጀመሪያ ስለ ዋጋ እናውራ። «ጥሩ ወይን ውድ ወይን ነው» የሚለው እምነት በተፈተነ ቁጥር ሲንገዳገድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ፓሪስ ላይ የፈረንሳይ ዳኞችን ሰብስቦ የአገራቸውን ወይንና የካሊፎርኒያን ወይን ስሙን ሸፍኖ አስቀመሳቸው። በቀዩም በነጩም አንደኛ የወጣው ከቁም ነገር ያልቆጠሩት የካሊፎርኒያ ወይን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ፍሬደሪክ ብሮሼ የሚባል ተመራማሪ ቦርዶ ውስጥ ነጭ ወይን ላይ ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም ጨምሮ ለ54 የወይን ተማሪዎች ሰጣቸው። ተማሪዎቹ ለቀይ ወይን በሚያገለግሉት ቃላት ገለጹት። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ዋጋቸው ሳይታይ የተደረጉ ከ6,000 በላይ ቅምሻዎችን ተመልክቷል፤ ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች ውዱን ከርካሹ አብልጠው አልወደዱም፣ እንዲያውም በጥቂቱ አሳንሰው ነው የወደዱት።

ከዚህ ተነስቶ «ባለሙያ የሚባል ሁሉ ውሸታም ነው» ማለት ስንፍና ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ምላስን ዓይን ይመራዋል፣ ዓይንን ደግሞ ዋጋ። ስለዚህ ኪሱ ሳሳ ያለ ቀማሽ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። «ይሄን ያህል ከፍዬበት መጥፎ ሊሆን አይችልም» ብሎ ራሱን የሚያታልልበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው አጥር ቃላቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አን ኖብል የተባለች የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህርት የወይን ሽታ መንኮራኩር አዘጋጀች። ዓላማዋ ሰዎችን ማስፈራራት አልነበረም፤ ሰው የሚያውቀውን ሽታ በሚያውቀው ቃል እንዲጠራ ነበር። እኛ ግን መንኮራኩሩን ከነፍራፍሬው ገልብጠን ወሰድነው፣ ሐሳቡን ተውነው። የየካ ልጅ መንኮራኩር መጀመር ያለበት ከሾላ ገበያ ነው። ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ ኮሰረት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳም፣ ዘቢብ፣ ትርንጎ፣ ከርቤ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ገዝታችሁ በቡና ሲኒ አስቀምጡት፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እያሸተታችሁ ስሙን ጥሩ። ፈረንጆቹ ለዚሁ ሥራ በሳጥን የተደረደሩ ትንንሽ የሽታ ጠርሙሶች በብዙ ገንዘብ ይሸጣሉ። እዚህ ለአንድ ሳምንት ወጥ የሚገዛው ቅመም ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ሲያበቃም ወጥ ውስጥ ይገባል።

የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ባለሙያዎች ስለ አንዳንድ የአውስትራሊያ ቀይ ወይኖች ሲያወሩ አዘውትረው ከሚጠሯቸው ሽታዎች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። በወይኑ እርሻ አጠገብ የቆሙት ዛፎች ዘይት በነፋስ መጥቶ የወይኑ ፍሬና ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ከዚያም እስከ ጠርሙሱ ይዘልቃል። ያ ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን አለበሰው። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ጉንፋን ሲይዘው በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጥኖ ያደገ ነው። ጭሱን ያውቀዋል፣ እርጥቡን ያውቀዋል፣ ደረቁን ያውቀዋል። ፓሪስ ያለው ቀማሽ ከመጽሐፍ የሚማረውን ሽታ እሱ በእንፋሎት ጠጥቶታል። ታዲያ ማነው ማንን ማስተማር ያለበት? ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ ኤምባሲ መሆኑ ደግሞ ቀልዱን ያሞቀዋል።

አሁን ወደ ጠጁ። ቀማሽነት ከውጭ የመጣብን ፋሽን አይደለም። ድሮ በመኳንንቱ ቤት አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ያኔ የሚፈራው መርዝ ነበር፤ ዛሬ ስኳር ነው። በቤተ መንግሥት ግብርም ጠጁ በደረጃ ነበር የሚቀርበው፤ ምርጡ ለላይኞቹ፣ ቀጠን ያለው ለታች። ያ ሥርዓት ፍትሐዊ ነበር አልልም። ግን ጠጅና ጠጅ እንደማይተካከል የሚያውቅ ሥርዓት ነበር። እኛ ያንን እውቀት ጥለን «ጠጅ ያው ጠጅ ነው» አልን።

ጠጅ ያው ጠጅ አይደለም። ጠጅ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ የሚባሉትን ያውቃል። ይሄ እኮ ወይን ሻጮች በጠርሙስ ጀርባ የሚጽፉት መለኪያ ነው፤ ስኳሩ ምን ያህሉ ወደ አልኮል ተለወጠ፣ ምን ያህሉ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ማሩ አለ። ተበብ ከሚባለው ቁጥቋጦ የሚገኘው ነጭ የትግራይና የላስታ ማር አለ። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ደኖች ንቦች ከገተማ አበባ የሚሠሩት ነጭ ማር አለ። የአደይ አበባው ቢጫ፣ የብሳናው ጠቆር ያለ፣ የግራዋው መረር የሚል አለ። ከዚያ ጌሾው፤ ቢራ ውስጥ ሆፕ የሚሠራውን ማምረር ጠጅ ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው፣ ቅጠሉና እንጨቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አያመርሩም። ከዚያ ጋኑ የታጠነበት ጭስ። ከዚያ የቆየበት ቀን። በቀለ ባሕሩና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ ካሉ 10 ጠጅ ጣዮች የሰበሰቡትን ናሙና መርምረው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የአልኮሉ መጠን ከ3 በመቶ በታች ጀምሮ ከ20 በመቶ በላይ ይደርስ ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ስም! ለሰካራም ይሄ አደጋ ነው። ለቀማሽ ግን በእግር የሚደረስ፣ በሳንቲም የሚከፈት ሙሉ ዓለም ነው።

«እሺ፣ እንዴት ነው ታዲያ የሚቀመሰው?» ላላችሁኝ፣ ነገሩ ቀላል ነው። አምስት ሆናችሁ ተዋጡ። ከሦስት ቤት የሦስት ዓይነት ጠጅ በጠርሙስ አስሞልታችሁ ቤት ውሰዱ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ ለመጠጣት ልክ ነው፣ ለመቅመስ ግን የብርሌው አንገት ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። አፉ ሰፋ ወዳለ ብርጭቆ ቅዱት። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሉና ቁጥር ስጧቸው። በርበሬና ሽንኩርት አይቅረብ፤ ውሃና ገብስ ቆሎ ይበቃል። ሽቶ የተቀባ ሰው መስኮቱ ጋ ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ፣ ማንም ከመናገሩ በፊት ሁሉም ይጻፍ። እኛ አገር ትልቅ ሰው «ይሄ ጥሩ ነው» ካለ በኋላ የሌላው ምላስ ሥራውን ያቆማላ!

የአገር ውስጥ ወይንም ለዚህ ትምህርት ይመቻል። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ በምትባለው ከተማ፣ ካስትል ከሚያለማው እርሻ ሪፍት ቫሊ በሚል ስም ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ይወጣሉ። ተቀራራቢ አፈር፣ አንድ ጠማቂ፣ ሦስት የወይን ዝርያ። ዝርያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመማር ይሄን የመሰለ ዕድል በዚህ ዋጋ ፈረንሳይ ሄዳችሁም በቀላሉ አታገኙትም። በሌላ ቀን ደግሞ ከአዋሽ ጉደርንና አክሱሚትን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ደረቅ ቀይና ጣፋጭ ቀይ እንዴት እንደሚለያዩ ሁለት ጉንጭ ይበቃችኋል። ጠርሙሱ ለአምስት ሲካፈል ከአንድ ካፌ ማኪያቶና ኬክ ጋር የሚወዳደር ወጪ ነው። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለያይ። ማሩ ይለያይ፣ ወይ ቀኑ ይለያይ፣ ወይ ዝርያው ይለያይ። ሁሉም ሲለያይ መጠጣት እንጂ መቅመስ የለም።

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ኑሮ በዚህ ላይ ሆኖ አንተ ስለ መጠጥ ጣዕም ታወራለህ?» ይባላል። አዎ፣ አወራለሁ። ድሀ ጣዕም አያስፈልገውም ያለው ማነው? በየቤቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን አንድን ቡና ሦስት ጊዜ እያቀጠንን የምናወዳድር ሰዎች ነን እኮ። «ዛሬ ቡናው አረረ» የምትል እናት ቀማሽ ናት፤ ደመወዟን ማንም አልጠየቃትም። ጣዕምን ለሀብታም ብቻ መተው፣ ለሌላው የቀረበለትን ሁሉ ዝም ብሎ የመዋጥ ግዴታ መስጠት ነው።

«ይሄ ስካርን ማበረታታት ነው» የሚለውም አለ። ይሄን በቁም ነገር ልመልስ። ጠጃችን አልኮሉ ስንት እንደሆነ ስለማይጻፍበት ጥንቃቄው መጠኑ ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጠጅ ሁለት ጉንጭ፣ ከዚያ በቃ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ልክ ነው። መኪና የያዘ አይቀምስም። ጨርሶ የማይጠጣ ሰው ደግሞ ከጨዋታው አይወጣም፦ ያልፈላው የማር ብርዝ አለለት፣ ሙስሊም ወገኖቻችን ሲጠጡት የኖሩት። የማርን ልዩነት ለመማር እንዲያውም ብርዝ ከጠጅ ይሻላል፣ ጌሾ አይሸፍነውማ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሰካራም የሚያደርገው ጣዕሙን ልብ የማይለው አጠጣጥ ነው። «ቶሎ ይያዘኝ» ብሎ የሚገባ ደንበኛ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻጩም ያንኑ ይሰጠዋል።

ትልቁ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከማሯም አብዛኛው የሚሄደው ወደ ጠጅ ነው። ማር ሲወደድ ግን ጠጅ ጣዩ ምርጫ ይገጥመዋል፦ ዋጋ ጨምሮ ደንበኛ ማጣት፣ ወይ ማሩን ቀንሶ ስኳር መጨመር። ሲጠነሰስ ስኳርም አልኮል ይሰጣል። ቢጫነቱንም በቀለም ማምጣት ይቻላል። ደንበኛው የሚለካው በሞቅታ ከሆነ ልዩነቱን በምን ያውቃል? ያኔ በንጹሕ ማር የምትጥለዋ ሴት ትከስራለች፣ ስኳር የጨመረው ያተርፋል። ቀፎ ሰቅሎ ማር የሚቆርጠው ገበሬ ድረስ ነው ኪሳራው የሚሄደው። ምላስ ብቻውን ፍርድ ቤት ሊሆን አይችልም፤ ግን ደጋግሞ ያወዳደረ ምላስ ጣፋጩ ካለፈ በኋላ አበባ የሚቀርበትንና ምንም የማይቀርበትን ጠጅ መለየት ይጀምራል። ያ ምላስ ነው ታማኟን ሴትዮ የሚያድናት።

ሴትዮ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠጅ የመጣል ሙያ በአብዛኛው የሴቶች ሆኖ ጠጅ ቤቱ የወንዶች ሆኖ ኖረ። ዛሬም አንዲት ወጣት ብቻዋን ጠጅ ቤት ብትቀመጥ ስንት ዓይን እንደሚያርፍባት ይታወቃል። ሆቴል ውስጥ የወይን ብርጭቆ ስትይዝ ግን «ዘመናዊ» ትባላለች። አያቷ የሠራችውን ለመቅመስ የምታፍር፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ስትይዝ የምትከበር ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ከጠጁ ላይ አይደለም።

ስለዚህ ብላክ ከራንቱን ለጊዜው እንተወውና ጠጅ የሚጥሉትን እናቶች በአክብሮት አራት ነገር እንጠይቃቸው፦ እማማ፣ ማሩ የየት አገር ነው? መቼ ተጣለ? ጌሾው ቅጠል ነው እንጨት? ስኳር ገብቶበታል? መጀመሪያ ላይ ግር ይላቸው ይሆናል፤ ጠያቂ ከጠፋ ቆይቷላ። በንጹሕ ማር የምትጥለዋ ግን ጥያቄውን ስትሰማ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። አራቱንም ሳትቸኩል ትመልስላችኋለች።