ወረቀት ካላየሁ አልሰጥም ለምትሉ

በዘንድሮው ረመዳን የደሴ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ደሴ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ያላቸው እናት በጡት ካንሰር ታመው የመታከሚያ ገንዘብ ተጠየቀ። ጥያቄው ገና እንደወጣ ከዳላስ አንዱ «ማስረጃ ለጥፉ» አለ፤ ከጅዳ ሌላው ደገመው። ልጃቸው ምን ያድርግ? የፓቶሎጂ ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ለጠፈው። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ ስልክ፣ የዕጢው ዓይነትና ደረጃ፣ ከታች የሐኪሙ ማኅተም፤ ሁሉም በጉልህ ይነበባል።

ገንዘቡ ቶሎ ሞላ። የሰጣችሁ ሁሉ ተባረኩ። ወረቀቱ ግን በስክሪንሾት ዞሮ ዞሮ ፒያሳ ገባ። እኚያ እናት ሕመማቸውን ለገዛ እህታቸው እንኳ አልተናገሩም ነበር። መታወቁን የሰሙት ስኳር ሊገዛ ከመጣ ደንበኛ ነው፤ «አብሽሩ እትዬ፣ ጡት ቢቆረጥም ይዳናል» አላቸው፣ ሱቁ ሰው ሞልቶበት። አብሮ የተለጠፈው የሐኪም ደብዳቤ ደግሞ ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ መሆን አለመሆኑ በጂን ምርመራ እንዲታይ ይመክር ነበር። ሴት ልጃቸው ታጭታለች። የወንዱ ቤተሰቦች «በዘራቸው አለ» ብለው ነገሩን አቆዩት። ልጅቱ ገና አልተመረመረችም! እናትየዋ ላይ የቢአርሲኤ ጂን ለውጥ ቢገኝ እንኳ ለልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይህን ለሽማግሌ ማን ያስረዳ?

እኛ እዚህ አሜሪካ እንዴት ነን? ክሊኒክ ስንገባ የታካሚ ምስጢር የሚጠብቀውን የሂፓ ሕግ ፎርም ፈርመን ነው የምንቀመጠው። ስኳር ያለበት ሰው ለቅርብ ጓደኛው አይነግርም። አስተርጓሚዋ ሐበሻ ከሆነች ወሬው ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ ይደርሳል ብሎ «ሌላ አምጡልኝ» የሚል ስንት አለ። ለራሳችን እንዲህ የምንሳሳለትን ገመና ለፒያሳዋ እናት ለምን ነፈግናቸው? 50 ዶላር ስለላክን ነው? 50 ዶላር የሰው ገላ አያሳይም።

መረጃው አያስፈልግም አላልኩም። ለሐኪም ያስፈልጋል። ዛሬ የጡት ካንሰር መድኃኒት የሚመረጠው በዕጢው ጠባይ ነው፤ በሆርሞን የሚያድገውና ኸር2 የሚባል ፕሮቲን የበዛበት የሚታከሙት በተለያየ መድኃኒት ነው። የኛ ሰው በጂንም የሚለይበት ነገር አለ። እነ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ጂን በትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ሰውነቱ ፈጥኖ ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ውጭ ያላችሁ ሐኪሞች ውጤት ተልኮላችሁ ስታማክሩ ሕይወት ታተርፋላችሁ፤ ቀጥሉበት። ያ ግን ታማሚዋ ፈቅዳ፣ ከሐኪም ወደ ሐኪም የሚሄድ ነው። ግሩፑ የዕጢውን ደረጃ አውቆ ምን መድኃኒት ሊያዝ ነው?

አገር ቤት ሕጉ ወጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። የአሜሪካው ሂፓ ግን የሚያስረው ሆስፒታሉንና ኢንሹራንሱን ነው፤ እኔንና እናንተን አይነካም። ግሩፑ ላይ ያለን ዳኛ ሕሊናችን ብቻ ነው።

ያደግንበት ፒያሳ እንዲህ አልነበረም። ሰው ሲታመም ጎረቤት ቡናውን ይዞ ይገባል፤ አንዱ «አላህ ያሽርሽ»፣ አንዱ «እግዜር ይማርሽ» ይላል። ምንሽን ነው ብሎ የሚመረምር ነውረኛ ይባል ነበር። የተዋጣ ብር ተጠቅልሎ ትራስ ሥር ይገባል፤ ማን ስንት እንዳስቀመጠ እንኳ አይታወቅም። ያ ሁሉ ጨዋነት የት ሄደ? አውሮፕላን ስንሳፈር ጥለነው መጣን?

ተጭበርብረናል የምትሉ እውነታችሁን ነው፤ በሰው ሕመም የለመነ አለ። ግን ወረቀት መለጠፍ አጭበርባሪ አያስቆምም። እንዲያውም ስም ቀይሮ የሚለምነው በዚያው በለጠፋችሁት ወረቀት ነው። ሁለት የታመኑ ሰዎች ምረጡ፣ አንዷ ነርስ ብትሆን ይሻላል። እነሱ ታማሚዋን አስፈቅደው ውጤቱን ይዩ፣ አክመዋለሁ ያለውን ሐኪም ያነጋግሩ፣ ለሌላው «አረጋግጠናል» ይበሉ። ብሩ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይከፈል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ባዶውን ሲቀር ለኮሚቴ አምነን ሰጥተናል፤ ለአንዲት እናትም ይህ አያቅተንም።

አድሚኖች፣ የታማሚ ውጤት የያዘ ፎቶ ከዛሬ ጀምሮ አታሳልፉ፤ እስካሁን ያለውንም አጥፉ። ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሰርዙት። ሰው ማመን ያቃተው ገንዘቡን ይያዝ።