የተቀዳ ሲቪ የጋምቤላን ልጅ ይሸሽገዋል

ያመለከተበት ሥራ ለቃለ መጠይቅ እንኳ ያልጠራው ወጣት ምክንያቱን ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ሆኗል፤ “ሲቪህን አሳምር” ይባላል። ሥልጠና ሰጪው ይህንኑ ይናገራል፤ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ከፍቶ በክፍያ የሚጽፈውም ይደግመዋል። እኔ ምክሩ ጎጂ ነው ባይ ነኝ። በተግባር ማሳመር ማለት የሌላ ሰው ሲቪ ከፍቶ ስምና ስልክ መቀየር ሆኗል። “ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫናን የሚቋቋም” የሚለው አንቀጽ የማይገኝበት ማመልከቻ ማግኘት ያስቸግራል።

ማመልከቻ የሚለየው የሰው ኃይል ባለሙያ እዚህ አንቀጽ ላይ ጊዜ አያጠፋም። ከፊቱ ያለው ማስታወቂያው የጠየቀው ዝርዝር ነው፦ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ በዓመት፣ ልምዱ ከቦታው ጋር ያለው ተዛማጅነት፣ ቋንቋ። የተጠየቀውን ወረቀቱ ላይ ካገኘ ይይዝለታል፤ ካጣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ጋምቤላ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያስጠጋ ክልል ነው። በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊ፣ በፑኝዶና በሌሎቹ መጠለያዎች የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶች ለተማረው ወጣት ትልቅ የሥራ ተስፋ ሆነው ኖረዋል። እናት ስለ ልጇ ሕመም በኑዌር ቋንቋ የምትናገረውን ለሐኪሙ የሚያደርስለት የአካባቢው ልጅ ነው። የአኝዋ መንደር ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ስለ ክትባት የሚያስረዳውም እሱ ነው። ይህን ችሎታ ከሌላ ከተማ የመጣ ባለ ዲግሪ በሳምንት ሥልጠና አያገኘውም። ልጁ ግን ይህን ሁሉ ሲቪው መጨረሻ ላይ “ቋንቋ፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ኑዌር” ብሎ በአንድ መስመር ይቋጨዋል። የቀዳው ቅጽ ለአዲስ አበባ የቢሮ ሠራተኛ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ቦታ የለውም። በየትኛው መጠለያ፣ በየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ከየትኛው ቋንቋ ወደ የትኛው እንዳስተረጎመ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ቢጽፍ መራጩ የሚፈልገውን ወዲያው ያገኝ ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ ወጣቱ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። አበል እየተከፈለው ዓመታት ያስተረጎመ፣ ቤት ለቤት እየዞረ የመዘገበ ልጅ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ “አንተ ቅጥር አልነበርክም” ተብሎ ባዶ እጁን ይሸኛል። በለስ ቀንቶት ደብዳቤ ቢያገኝ እንኳ ሌላ ቦታ ሲያመለክት “የሥራ ግብር አልተከፈለበትም” ተብሎ ልምዱ ሊወድቅበት ይችላል። የግብር ማስረጃ የሚጠየቀው ሐሰተኛ የልምድ ደብዳቤን ለመከላከል እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን አበሉ ግብር የማይከፈልበት ሲሆን እውነተኛው ሥራም አብሮ ይሰረዛል። ከዚያ ያው ድርጅት “በሰብዓዊ እርዳታ ቢያንስ 2 ዓመት የሠራ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚችል” ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል። ሥራውን ያሠራው ራሱ ሆኖ ሳለ ልምድ የለህም ማለቱ ፍትሕ አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። አበል ተከፋዩንም በዚሁ መንፈስ ማስተናገድ ለድርጅት የሚከብድ ነገር አይደለም፤ አንድ ገጽ፣ ፊርማና ማኅተም ይበቃል።

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በጋምቤላ መጠለያዎች የነበሩ አገልግሎቶች ተስተጓጎሉ፤ በአንዳንዶቹ የአልሚ ምግብ ሕክምና እስከ መቋረጥ ደረሰ። ድንገት በሚዘጋ ፕሮጀክት ውስጥ ደብዳቤውን ለነገ ያለ ሰው፣ ነገ የሚፈርምለት ኃላፊ አያገኝም።

ስለዚህ የሲቪ ሥልጠና የምትሰጡ፣ ቅጽ ማደሉን ትታችሁ ልጁ ምን እንደሠራ ጠይቁትና እሱኑ በቀንና በቦታ እንዲጽፍ እርዱት። ድርጅቶች፣ ለአስተርጓሚዎቻችሁና ለበጎ ፈቃደኞቻችሁ የልምድ ደብዳቤ ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ ስጡ፤ በምርጫ ጊዜም ቁጠሩላቸው። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ አሁን የምትሠሩበት ቦታ ኃላፊው ሳይቀየር ደብዳቤያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።