የፍቅረኛዬ ወንድም የፈታው ሞተር

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከፍቅር ይጀምርና ጋራዥ ገብቶ ያርፋል። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። እቁብ ወጥቶለት፣ ከእናቱም ተበድሮ አሮጌ ላዳ ገዝቶ ታክሲ ይሠራል። ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ታዲያ ላዳዋ ከላይ “ቋ ቋ” ማለት ጀመረች፣ ዳገትም አቃታት። የእጮኛው ወንድም መካኒክ ነውና ከፍቶ አየና “ካምሻፍቱ ተበልቷል” ብሎ ቀየረላት። ከዚያ በኋላ ባሰባት! ጠዋት አትነሳም፣ ካርቡራተሯ ይተኩሳል፣ ጉልበት የሚባል የለም። አሁን ደግሞ መካኒኩ “ሞተሩ ሞቷል፣ ሽጠው” ይላል። ገዢም ራሱ አምጥቷል። “ብጠረጥረው እሷ ትቀየመኛለች፣ ብሸጠው እዳዬን በምን እከፍላለሁ?” ይላል ልጁ።

ስማኝ ወንድሜ፣ አትሽጥ። ቢያንስ እስከ እሁድ አትሽጥ።

የመጀመሪያው ምርመራው ልክ ይመስለኛል። ላዳ ካምሻፍት መብላት የቆየ አመሏ ነው። ሶቪየቶች መኪናዋን ከፊያት 124 ሲቀዱ ካምሻፍቱን ከብሎኩ አውጥተው ቴስታታው ላይ ሰቀሉት። እዚያ ላይ ዘይቱ ካረጀ ወይም የዘይት ቀዳዳው ከተደፈነ ጉብታዎቹ ይላጣሉ፤ ቫልቩም በቅጡ አይከፈትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሮከሮቹስ አብረው ተቀይረዋል? የተበላ ሮከር አዲሱን ካምሻፍት ሞርዶ ይጨርሰዋል።

ዋናው ጥርጣሬዬ ካቴናው ላይ ነው። ካምሻፍቱ ላይ ያለው ጥርስ 38 ነው፣ ክራንክሻፍቱ ላይ ያለው 19። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል። ካቴናው ሲመለስ አንዲት ጥርስ ብቻ ከሳተ ቫልቮቹ በክራንኩ 19 ዲግሪ ያህል ያለ ሰዓታቸው ይከፈታሉ። አንተ የጻፍክልኝን ሁሉ ይሄ ብቻውን ያመጣዋል እኮ!

ማየቱ ደግሞ ቴስታታ ማውረድ አይጠይቅም። የላይኛው ክዳን ይከፈት፣ ካንዴላዎቹ ይውጡ፣ ማርሹ ፎሌ ይሁን። ክራንኩን በ38 ቁልፍ በእጅ አዙሩት፤ በሞተሪኖ አይደለም፣ ብዙ ስቶ ከሆነ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ፑሌጃው ላይ ያለው ምልክት ፊት ለፊት ካሉት ሦስት መስመሮች ረጅሙ ጋር ሲገጥም አቁሙ። በዚያች ቅጽበት የካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለችው ነጥብ ካምሻፍቱ ቤት ላይ ካለው ጉብ ያለ ምልክት ጋር ፊት ለፊት መሆን አለባት። ነጥቧ ጭራሽ ካልታየች አትደንግጡ፣ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ታይታ ወዲህ ወይ ወዲያ ካለች ግን በሽታው ተገኘ።

ማስተካከያው ይኸው ነው፦ የካቴናው መወጠሪያ ይላላ፣ ጥርሱ ወጥቶ በካቴናው ላይ ይቀየር። ካቴናው ታች እንዳይወድቅ በሽቦ ይታሰር። ከተወጠረ በኋላ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙራችሁ ምልክቶቹን እንደገና እዩ። ይቺን ነው ቸኩሎ የሚዘላት ሁሉ። በመጨረሻ ሞተሩ በረዶ እንደሆነ የቫልቮቹ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ይደረግ፣ እሳቱም ይስተካከል። “ዲስትሪቢተሩን ትንሽ ባዞረውስ?” ካለህ እሺ አትበል። ትነሳ ይሆናል፣ ቫልቮቹ ግን እንደሳቱ ይቀራሉ።

ምልክቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ከተገኘ ኮምፕሬሽን አስለካ። ሞተር ሞቷል የሚባለው ያኔ ነው፣ በጆሮ አይደለም።

አሁን ወደ ልጁ። ገዢ ማምጣቱ እኔንም ቅር ብሎኛል፤ ሆኖም ሌባ ነው ለማለት አልደፍርም። የሠራው ሥራ ሲከሽፍ ከሞተሩ ጋር መጣላት የሚቀለው መካኒክ ሞልቷል። በጓሮ ሌላ መካኒክ አትጥራበት። “ወንድም ጋሼ፣ እሁድ አብረን ምልክቱን እንየው፣ አሮጌውን ካምሻፍትና ሮከሮቹንም አምጣልኝ” በለው። ካመጣና ከከፈተ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እምቢ ካለ መጀመሪያ የምትነግረው ለእጮኛህ ነው፣ ከሌላው መካኒክ በፊት። ነገሩን ከወንድሟ አፍ ከሰማችው ግን ለአንተም ለእሷም ከባድ ይሆናል።

እስከዚያው ላዳዋን በግፊ እያስነሳህ ሥራ አትውጣባት።