ዝምድናና ውል

እንግሊዝና አሜሪካ ቋንቋቸው አንድ ሲሆን ሁለት ጊዜ ተዋግተዋል፤ በ1814 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር የዋሽንግተንን ቤተ መንግሥት አቃጠለ። በ1872 እ.ኤ.አ. ግን ክርክራቸውን በጄኔቭ ለዳኞች አቀረቡ፤ እንግሊዝም የተፈረደባትን ካሣ ስለ ከፈለች ወዳጅነታቸው ጸና።

የእኛና የኤርትራም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በደብረ ሊባኖስም በደብረ ቢዘንም ቅዳሴው ግዕዝ፣ ዜማው የቅዱስ ያሬድ ሲሆን፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የብዙ እናቶች ልጆች ረገፉ። በ1994 ዓ.ም. የተሰጠው የድንበር ፍርድም ሳይፈጸም ብዙ ዘመን ቈየ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ በር በተከፈተ ጊዜ ዘመድ ከዘመዱ ተቃቅፎ አለቀሰ፤ ነገር ግን በሩ ብዙ ወራት ሳይቈጠሩ ተመልሶ ተዘጋ።

እንግዲህ ዝምድና ብቻውን ሰላምን እንደማይጠብቅ ማስተዋል ይገባል፤ ዝምድናን የሚያጸናው የተፈረመውን ውል መፈጸምና ለፍርድ መታዘዝ ነው።